የሙንዙ ደሴት ምስክር

የሙንዙ ደሴት ጫካ ቆሞ እንዲቆይ በየዓመቱ አንድ ጊዜ ይመሰከርለታል። መስካሪው የደሴቱ ተወላጅ፣ የደሴቱ ዘመድ ወይም ከደሴቱ ጋር የሚነግድ ሰው መሆን አይችልም። ስሙ በዕጣ ይወጣል፤ ይሄዳል፤ በጫካው ስም የተመዘገበውን አንድ እንስሳ በሕይወት እያለ ፎቶ ያነሣል፤ ይመለሳል። ፎቶው ከጸደቀ ጫካው አንድ ዓመት ይጨመርለታል። ካልጸደቀ ይለቀቃል። «ይለቀቃል» ምስክሮችን የሚልከው መሥሪያ ቤት፣ መዝገቡ፣ የሚጠቀምበት ቃል ነው። ለማንና ለምን እንደሚለቀቅ የሚገልጽ ሌላ ቅጽ አለ፤ ለምስክሮች አይታይም።

ዕጣው ለሶልያና ገብረየስ የወጣላት ሐሙስ ጠዋት፣ ደብረ ብርሃን ውስጥ በምትኖርበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ጎረቤቷን ፎቶ ስታነሣ ነው። እማማ ቤቲ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነበር። ጡረታቸው እንዳይቋረጥ በየወሩ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ገልጠው፣ የዕለቱን ቁጥር ደረታቸው ላይ ይዘው ፎቶ መነሣት ነበረባቸው። የማንሣቱ ተራ የሶልያና ነበር።

«ቀና ይበሉ፣ እማማ ቤቲ።»

«ቀና ብያለሁ። ከዚህ በላይ ቀና ካልኩ ሰማይ ቤት ነው።»

ስልኩ እጇ ውስጥ እንዳለ ነዘረ። ሶልያና መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ምን አሉሽ?»

«ዕጣ ወጣልኝ። ደሴት ልሄድ ነው፤ ቢራቢሮ ፎቶ ላነሣ።»

«ውይ! ቢራቢሮም ጡረታ አላት?» አሉ እማማ ቤቲ።

ሶልያና ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሥራ እስካቆመችበት ቀን ድረስ በአንድ መድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ለሠላሳ አንድ ዓመት እንክብል መርምራለች። ሥራው በነጭ መብራት ሥር ተቀምጦ በማጉያ መስታወት ማየት ነው። ጠርዙ የተሸረፈ፣ ነጥብ የወጣበት፣ ቀለሙ የፈዘዘ እንክብል ይለቀማል። ለአዲስ ገቢዎች ሁለት ነገር ታስተምር ነበር። አንደኛው፣ እንከን የሌለው እንክብል የለም፤ እንከን ካላያችሁበት አላያችሁትም። ሁለተኛው፣ መርማሪ እንክብሉን እንጂ ባለማሽኑን አይጠይቅም። ባለማሽኑ ሁልጊዜ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ጥሩ ነው።

ከጉዞው በፊት ምስክሮቹ ለሁለት ቀን ሠለጠኑ። አሠልጣኙ ስለ ማጭበርበር ረዥም ሰዓት ተናገረ። በሌሎች ደሴቶች ጠባቂዎች ቢራቢሮ በሽቦ ቤት ያረባሉ፤ ምስክር ሲመጣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትተው ያደነዝዙና ቅጠል ላይ ያስቀምጣሉ። የደነዘዘ ቢራቢሮ አይበርም። በሽቦ ቤት ያደገ ቢራቢሮ ክንፉ አይላላጥም። ስለዚህ ጠባቂው፣ በመዝገቡ አጠራር ባለጉዳዩ፣ ስለ እንስሳው የሚናገረው ሁሉ ፎቶው እስኪላክ ድረስ ወደ ምስክር ጆሮ አይገባም።

«ቃሉን አስተርጓሚያችሁ ያቆመዋል» አለ አሠልጣኙ። «እጁን ግን የምታቆሙት እናንተ ናችሁ። ሲጠቁማችሁ ፊታችሁን አዙሩ።»

ሶልያና ይህን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ጽፋ ከሥሩ አሰመረችበት።

ወደ ሙንዙ የተሻገረችው ጋሽ ናሆም ከሚባል የድሬዳዋ ሰው ጋር ነበር። የሰባ ዓመት ሰው፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ቴክኒሻን፣ ጀልባው ሲናጥ የሚስቅ። ደሴቱ ሁለት ክፍል ስለሆነ ሁለት ምስክር ይላክለታል። እሱ የባሕሩን ዳር ጨው ገብ ደን በሸርጣን ይመሰክራል፤ እሷ ከፍ ብሎ ያለውን ጫካ በቢራቢሮ።

«እርስዎ ካሜራ ለምደዋል?» አለችው።

«አቦ እርስዎ አትበይኝ! ድሬ ላይ እርስዎ የሚባለው ዳኛ ብቻ ነው።»

«እሺ፣ ጋሽ ናሆም። ካሜራ ለምደሃል?»

«ሸርጣን ምን ልምድ ይፈልጋል? እሱም ወደ ጎን ይሄዳል፣ እኔም ወደ ጎን አነሣዋለሁ። አለቀ።»

ከጀልባው ወርደው ሲመጡ የጫካው ጠባቂ ባካሪ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ተቀበላቸው። ቤቱ ጫካው ጠርዝ ላይ ነበር። በደንቡ መሠረት ጠባቂ በዚያ ቤት የሚኖረው ጫካው እስካለ ድረስ ነው፤ አባቱም አያቱም እዚያው ኖረዋል። የሶልያና ጆሮ ውስጥ ያለው አስተርጓሚ የባካሪን ቋንቋ የሚመልሰው እንደ አንድ የድሮ ቤተ ክህነት ሰው አማርኛ ነበር።

«እንኳን በደኅና ገባችሁ። ባሕሩ አላንገላታችሁም? የቤታችሁ ሰዎች ሁሉ ደኅና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ናቸው» አለች ሶልያና።

ባካሪ ከትንሽ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ኮኮናት አውጥቶ በገጀራ ከፈተላቸው። ውሃው ጥርስ ያማል። ሶልያና እየጠጣች ማቀዝቀዣውን አየችው። ነጭ ነው፤ በሩ በገመድ ታስሯል፤ ከጫካው ያለው ርቀት ሠላሳ እርምጃ አይሞላም። ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ባካሪ ስትጽፍ አይቶ ፈገግ አለ። ከዚያ እጁን ወደ ዛፎቹ ዘርግቶ ረዘም ያለ ነገር መናገር ጀመረ፤ አስተርጓሚው ግን ጸጥ አለ። የሰውየው አፍ ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማት የማታውቀው ቋንቋ ድምፅ ብቻ ነው። ሶልያና ኮኮናቷን ተመለከተች።

«ስለ ቢራቢሮው መሆን አለበት» አለ ጋሽ ናሆም። «እንዲህ ደስ እያለው የሚያወራው ወይ ስለ እሱ ነው ወይ ስለ ሚስቱ።»

«አትስማው።»

«ምኑን ልስማ? ዘግተውብን የለ እንዴ!»

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ባካሪ እየሮጠ መጥቶ በሩን መታ። ላብ አጥምቆታል። በእጁ ኑ ኑ አለ። የሸርጣኑ ሰዓት ባሕሩ ሲሸሽ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጋሽ ናሆምም ተከተለ። ጫካው ውስጥ አየሩ እርጥብ ጨርቅ ፊት ላይ እንደመጣል ነበር። ባካሪ አንድ ግንድ ላይ በተጠመጠመ ሐረግ አጠገብ ቆመና ትንፋሹን ዋጠ።

ቢራቢሮው እዚያ ነበር። ሶልያና መጀመሪያ ሰዓቷን አየች፤ አራት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ። ከዚያ ቢራቢሮውን አየችው። ስፋቱ የእጅ መዳፏን ያህላል። ክንፉ ጥቁር ነው፤ ጥቁሩን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ሰማያዊ መቀነት አለው፤ መቀነቱ ሲያዩት ሰማያዊ፣ አንገት ዘንበል ሲያደርጉ አረንጓዴ ይሆናል። ክንፉን ቀስ አድርጎ ይከፍታል፤ ቀስ አድርጎ ይገጥማል። አይበርም።

አንደኛውን ፎቶ ክንፉ ሲከፈት፣ ሁለተኛውን ክንፉ ሲገጥም፣ ሦስተኛውን ቅጠሉንና ሐረጉን ጨምራ አነሣች። ሦስቱም ጥርት አሉ። ለምስክርነት ከዚህ በላይ አይጠየቅም።

ሶልያና ግን ማየቷን አላቆመችም። የካሜራውን መስታወት እስከ መጨረሻው አቀረበች። የጫካ ቢራቢሮ ጠርዙ ይቀደዳል፤ ወፍ ይነክሰዋል፤ እሾህ ይቧጭረዋል፤ የክንፉ ብናኝ ይረግፋል። ይህኛው ላይ ምንም የለም። ግራ ክንፉን ከላይ ወደ ታች፣ ቀኝ ክንፉን ከታች ወደ ላይ፣ እንደ ልማዷ፣ ሁለት ጊዜ አየችው። አንድ ጭረት፣ አንድ የተሸረፈ ጠርዝ አላገኘችም። ደቂቃ ቆጠረች። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ከቅጠሉ አልተነሣም።

ባካሪ ከጎኗ ሁለት ክንድ ርቆ ቆሞ እየተናገረ ነበር። አስተርጓሚው ዝም ብሏል። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር ይደጋግማል። ከዚያ ክንዱን ዘርግቶ በጣቱ ከቅጠሉ ሥር ጠቆመ። ሶልያና ፊቷን ወደ ግንዱ አዞረች። ባካሪ ያላየች መስሎት ዞሮ በሌላ በኩል ጠቆመ። አሁንም ፊቷን አዞረች።

ካሜራው ላይ ያለው ቅጽ ሦስቱን ፎቶ ተቀብሎ የመጨረሻውን ክፍት ቦታ አሳየ። «ሌላ ያስተዋሉት ነገር ካለ።»

የዛፍ ሥር ላይ ተቀምጦ በባርኔጣው የሚያራግበው ጋሽ ናሆም አንገቱን አሰገገ። «ባዶ ተይው። ማንም አይሞላውም እኮ።»

«ያየሁትን እጽፋለሁ።»

«ሦስት ፎቶ አንሥተሻል። ምን ቀረሽ?»

«ያየሁት ቀረኝ።»

«እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ጊዜ አለሽ። ምሳ ብይና ጻፊ። የበላ ሰው እጁ አይቸኩልም።»

«ወዲያው ያልተጻፈ ነገር ይለሰልሳል» አለች ሶልያና። ይህንንም ፋብሪካው ውስጥ ታስተምረው ነበር። ጻፈች፦ «ክንፉ ላይ አንድም የመላላጥ ምልክት የለም። ለአሥራ አንድ ደቂቃ አልበረረም። በጠባቂው ቤት ማቀዝቀዣ አለ። ጫካ ውስጥ የኖረ አይመስልም።» አራተኛውን ዓረፍተ ነገር ከጻፈች በኋላ ትንሽ አሰበች። የሦስቱ ድምር ስለሆነ እንዳለ ተወችው። ላከች። ካሜራው ተቆለፈ።

በዚያው ቅጽበት ጆሮዋ ተከፈተ።

«…ይኸው እዚህ፣ ከቅጠሉ ሥር፣ እትዬ፣ ይዩት» ይል ነበር ባካሪ። «አባጨጓሬው የተኛበት ሽፋን ነው። ዛሬ ጠዋት ተሰነጠቀ። ከወጣ አንድ ሰዓት ቢሆነው ነው፤ ክንፉን እያደረቀ ነው። እርስዎ ሳይደርሱ እንዳይበር ብዬ እየሮጥሁ መጣሁ። እኔ በዚህ ጫካ ሃምሳ ዓመት ስኖር ይህን ያየሁት አራት ጊዜ ነው። ምስክር ሆኖ ያየ እስከ ዛሬ የለም። ዕድለኛ ነዎት!»

ሶልያና ወደ ቅጠሉ ተጠጋች፤ ከሥሩም አየች። ቡናማ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ በአንድ በኩል የተተረተረ ባዶ ሽፋን በቀጭን ክር ተንጠልጥሏል። ከእሱ በታች ባለው ቅጠል ላይ ቀላ ያለ ጠብታ ገና አልደረቀም። ቢራቢሮ ሲወጣ የሚጥለው ፈሳሽ እንደሆነ ሥልጠናው ላይ በአንድ መስመር ተነግሯት ነበር።

ሰማያዊው መቀነት አንድ ጊዜ ብልጭ አለ። ቢራቢሮው ተነሥቶ ወደ ዛፎቹ አናት ወጣ።

«ሄደ!» አለ ባካሪ፤ እንደ ልጅ እጁን አጨበጨበ።

ሶልያና ስልኳን አውጥታ ቆማ ጻፈች። ማስታወሻዋ ስሕተት መሆኑን፣ ቢራቢሮው በዚያው ጠዋት የወጣ መሆኑን፣ በሦስተኛው ፎቶ ግራ የታች ጥግ ላይ ባዶው ሽፋን ደብዝዞ እንደሚታይ አስረዳች። መልሱ ለመምጣት አርባ ሰከንድ አልፈጀም። «ምስክር አንድ ጊዜ ይመሰክራል። ከመጀመሪያው ቃል በኋላ የሚመጣ ቃል በባለጉዳይ የተነካ ተደርጎ ይወሰዳል። ፎቶዎቹ በምስክሩ ማስታወሻ መሠረት ይነበባሉ።»

ደንቡ ለምን እንደወጣ ታውቃለች። በፊት ምስክሮች ከላኩ በኋላ ጠባቂዎች ያለቅሱባቸው፣ ወይም ያስፈራሯቸው ነበር። ራሷም ብትሆን አንዴ የተጻፈ መስመር የሚሰርዝ መርማሪ ወደ ጠረጴዛዋ አታስቀርብም ነበር።

«ምን ሆኑ?» አለ ባካሪ። «ፊትዎ ተለወጠ።»

የጻፈችውን አነበበችለት። አስተርጓሚው ቃል በቃል አደረሰው። ባካሪ አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ማቀዝቀዣው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አያት፤ ከዚያ መልሶ አቀረቀረ።

«አንድም ምልክት የለም ያሉት እውነት ነው» አለ በመጨረሻ። «አሥራ አንድ ደቂቃም እውነት ነው። ማቀዝቀዣም አለኝ።»

«አቶ ባካሪ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ምኑን ነው ይቅር የምለው? የጻፉት ሁሉ እውነት ነው እያልሁ?»

ይህን ሲል አልተቆጣም። ግራ የገባው ነበር የሚመስለው።

ጋሽ ናሆም ከተቀመጠበት ሥር ተነሣና ባርኔጣውን አደረገ። እስከ ቤት ድረስ ፊት ፊት ሄደ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ብቻ ዞር አለ።

«ሠላሳ አንድ ዓመት ክኒን ስታዪ ኖርሽ። ቢራቢሮውንም እንደ ክኒን አየሽው።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም! ብታውቂ ኖሮ ሰውየው እንደዚያ ሲቁነጠነጥ ምን ሆነህ ነው ባልሽው።»

«መጠየቅ ክልክል ነው።»

«መቸኮልስ? መቸኮልም ታዟል እንዴ?»

ሶልያና ደረጃውን ቀድማው ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ናሆም ሸርጣኑን አነሣ። ፎቶው ደብዛዛ ነው፤ ሸርጣኑ ግማሽ አካሉ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ጥግ ላይ የጋሽ ናሆም ጣት ገብቷል። ክፍቱን ቦታ ባዶ ተወው። በማግስቱ ጸደቀ።

የሶልያና ውሳኔ በሦስተኛው ቀን መጣ። «ምስክርነቱ አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘ የሙንዙ ከፍተኛ ጫካ ከመጪው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ይለቀቃል። ምስክሯ ለትጋቷ ትመሰገናለች።» በቀሩት ሁለት ቀናት ባካሪና ሚስቱ ምግብ አቀረቡላት፤ ውሃ አቀረቡላት፤ በየጠዋቱ ስለ እንቅልፏ ጠየቋት። ስለ ቢራቢሮው ግን ማንም አልተናገረም። አሁን አስተርጓሚው ሁሉንም ያስገባ ነበር።

ጫካው በወሩ መጀመሪያ ተለቀቀ። ሶልያና ዜናውን የሰማችው ከጋሽ ናሆም በስልክ ነው። እሱ ከባካሪ ጋር መደዋወሉን አላቋረጠም። ግንዶቹ በአሥራ ዘጠኝ ቀን አልቀው ኮረብታው ላይ የፀሐይ ኃይል መስታወቶች ተተክለዋል። ባካሪ ቤቱን ለቅቆ ጀልባ ማቆሚያው ላይ ጭነት ያወርዳል። ከመውጣቱ በፊት አባጨጓሬዎቹ የሚበሉትን ሐረግ ቆርጦ በቆርቆሮ ጣሳ ተሸክሞ፣ ጋሽ ናሆም በመሰከረለት የባሕር ዳር ደን ውስጥ ተክሎት ነበር።

«ያዘለት?» አለች ሶልያና።

«ጨው መሬት ነው። ሦስት ሳምንት ቆሞ ጠወለገ።»

«ሌላ ቦታስ የለም?»

«የቱ ሌላ ቦታ?»

በመስኮቷ በኩል እማማ ቤቲ በዱላቸው ግቢው ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ።

«ስለ እኔ የጠየቀው ነገር አለ?»

«ጠይቋል።»

«ምን ብሎ?»

«ጤናዋ እንዴት ነው ብሎ። ሌላ ምን ይበል፣ አቦ?»

ከሰባት ወር በኋላ መዝገቡ ደብዳቤ ላከላት። ማስታወሻዋ በዓመቱ ከተላኩት ሁሉ ጥንቃቄ የተሞላበት ሆኖ ስለተመረጠ፣ አዳማ ላይ ለሚሠለጥኑ አርባ አዲስ ምስክሮች ልምዷን እንድታካፍል ተጋበዘች። ሦስት ቀን አሰበችበት። ከዚያ እውነቱን የምትናገርበት ሌላ ቦታ እንደሌለ ስለገባት እሺ አለች። የምትለውን በንጹሕ ወረቀት ጻፈችው፤ አንድ ገጽ ተኩል ሆነ፤ ደጋግማ አነበበችው።

አዳራሹ ውስጥ ስሟ ሲጠራ ተጨበጨበ። ሶልያና ወረቀቱን ዘረጋች። የክንፉን ንጽሕና፣ አሥራ አንዱን ደቂቃ፣ ማቀዝቀዣውን በተራ ተናገረች። አርባ ራስ ወደ ደብተር ተደፋ።

«እነዚህ ሦስቱም እውነት ነበሩ» አለች። «ቢራቢሮው ግን የጫካው ነበር። በዚያን ዕለት ጠዋት የወጣ ነው። ማስረጃው ከቅጠሉ ሥር ነበር። ጠባቂው ከጎኔ ቆሞ ሁለት ጊዜ በጣቱ አሳየኝ። ሁለቱንም ጊዜ ፊቴን አዞርኩ።»

እስክሪብቶዎቹ አላቆሙም። ሶልያና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ተጽፎ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ አንድ ሰው ቀና ብሎ እንዲያያት ፈለገች። አስተባባሪው ከመድረኩ ጥግ ተነሣ።

«በጣም ግሩም ምሳሌ ነው» አለ። «አያችሁ? ሁለት ጊዜ ተጠቁሞላት ሁለት ጊዜ ፊቷን አዞረች። ይህ በተግባር ቀላል አይደለም። ጥያቄ ያለው?»

ከኋላ ረድፍ አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ። መነጽሩን አስተካክሎ በትሕትና ተነሣ።

«እናመሰግናለን፣ እትዬ። እኔ መጠየቅ የፈለግሁት፣ ባለጉዳዩ ዞሮ በሌላኛው በኩል ቢጠቁም፣ ፊታችንን ወደ የትኛው በኩል ነው የምናዞረው?»

አርባዎቹ እስክሪብቶዎች ተነሥተው መልሷን ጠበቁ።